ልጅና መሬት በአንድ ቀን

ይድረስ ለፍቅሬ፣
ወረኢሉ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ያ ጉሮሮሽን ያነቀሽ ጉንፋን ለቀቀሽ? ሰው ስታክሚ ራስሽን ትረሻለሽና የላክሁልሽን ሹራብ ከጋውኑ ሥር እንደምትለብሺው ተስፋ አለኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ሰውነቴ ደህና ነው። ልቤ ግን ሽማግሌዎቹ እናንተ ቤት ከሄዱበት እሑድ ወዲህ የሐረጎን ዳገት እንደ ሚኒባስ ሲወጣና ሲወርድ ሰነበተ፤ ጠዋት ደሴ፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ።

በስልክ «አባዬ ምን አለ?» ስትይኝ «ቀጠሮ ሰጡ» ብዬ ዝም ስል ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎሽ ይሆናል። ኔትወርኩስ ደህና ነበር፤ የተቆረጠው የኔ ወሬ ነው። ግማሹን ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፣ ሙሉውን ብነግርሽ ትስቂያለሽ ብዬ እስኪሞላ ጠበቅሁ። ዛሬ ሞልቷል፤ ስለዚህ ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

አደራሽን አልበላሁም። «ኢንጂነር ነው ይበሉ እንጂ የጌሙን ነገር እንዳያነሡት» ብለሽኝ አልነበር? ሁለቱን ለየብቻ ለምኛለሁ። ሦስተኛውን፣ አጎቴን፣ መለመን አላስፈለገም፤ እንደምታውቂው እሱ ለሽምግልና የሚሄደው ቁጥር ለመሙላት ነው፣ ከሰላምታ በኋላ አይናገርም። ቄስ ጸጋው፣ የአጎቴ ነፍስ አባት፣ «ውሸት አልናገርም» ብለው አስቸገሩኝ። የውሃ ምህንድስና መመረቄን ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋቸው። አነበቡትና «እሺ፣ ውሃው ታዲያ የት አለ?» አሉኝ። የፈራሁት እሳቸውን ነበር። ነገሩን ያፈነዱት ግን የታመኑት ጋሽ ጣሀ ናቸው።

ጋሽ ጣሀን፣ የኮምቦልቻውን አከራዬን፣ አንድ ጊዜ አይተሻቸዋል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራ ቢያጡ ከሰዓት ከሰዓት ክፍሌ በር ላይ ቆመው የኔን ሥራ ያያሉ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ይህ ልጅ በጌም ሰው አይገድልም፣ አገር ያለማል» እያሉ ያወሩልኛል። እውነታቸውን ነው። ሰው በዚህ የኮምፒውተር ጌም የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የጥንት ዘመን መንደር ይመሠርታል፣ እህልና ወርቅ ይሰበስባል፣ ጦር ያስነሣል፣ የጎረቤቱን ከተማ ያቃጥላል። እኔ የምሠራው ከጦርነቱ በፊት ያለውን አገር ነው። ተራራውን አቆማለሁ፣ ወንዙን እቀዳለሁ፣ ቤቱን፣ አጥሩን፣ መንገዱን አስቀምጣለሁ፤ ሲያልቅ ጥላና ብርሃኑን አይቼ ስክሪንሾት አነሣለሁ። አሁን ከፍለው ካርታ ያዘዙኝ ልጆች ተራራዬን ባዩ ቁጥር ከየት እንዳመጣሁት ይጠይቁኛል። ከደሴ ሆኜ ሳየው ያደግሁት ጦሳ ነው ብላቸው ስሙን ወደዱት።

እንግዲህ ጋሽ ጣሀ የነገሩኝን ልንገርሽ። ሲያወሩ የሁሉንም ድምፅ ስለሚያስመስሉ እዚያው የነበርኩ ያህል ነው።

ገቡ፤ ቆሙ። አባትሽ ተቀመጡ ቢሏቸው የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። ቄስ ጸጋው አሳምረው ተናገሩ፤ ዘሬን ቆጠሩ፣ ጠባዬን አመሰገኑ፣ ኢንጂነርነቴንም ከመሐል ሸጎጥ አደረጉት። አባትሽ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ሲያበቁ «መልካም፤ የት ነው የሚሠራው?» አሉ። ቄስ ጸጋው ወደ አጎቴ አዩ። አጎቴ ወደ ጣሪያው አየ። ጋሽ ጣሀ አላስቻላቸውም። ከኮታቸው ኪስ አንድ ፎቶ አውጥተው «ጋሽ ሞላ፣ ይኸው ሥራው። በገዛ እጁ የሠራው አገር ነው» አሉ። ለካ ያሳተምኩላቸውን ስክሪንሾት ከሳሎናቸው ግድግዳ ነቅለው ይዘውት ሄደዋል። ወላሂ ለክፉ አስቤ አይደለም ይሉኛል እስካሁን።

ፎቶውን ታውቂዋለሽ፤ ጥድ የከበበው ቤተ ክርስቲያን፣ ከሥሩ በካብ በካብ የተከፋፈለው እርሻ፣ ከብቶቹ። በዚህ ጌም ሁሉም ነገር የሚታየው ከላይ ነው፣ ልክ ጭልፊት እንደሚያየው።

አባትሽ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄዱ። «ይህ የማን አገር ነው?» አሉ። ጋሽ ጣሀ የማንም አይደለም አሉ። «ሰዎቹስ?» ሲሏቸው «ልጁ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ቦታው ካላማረው ያነሣቸዋል» አሏቸው። ይሄኔ ቄስ ጸጋው ነገሩን ያቀኑ መስሏቸው «ፕላን ማለት ነው» ብለው ጨመሩበት።

በዚያ ቤት ፕላን የሚለውን ቃል ማንሣት ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ራስሽ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ፤ ሰዎች መጥተው ከላይ የተነሣ ፎቶ በግቢያችሁ ዘርግተው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው እርሻችሁ ለከተማ ተካለለ ብለው እንደሄዱ። ደሴ ዙሪያ ያለ ገበሬ አገሩን ከላይ ያነሣ ሰው ሲያይ መሬት ፈላጊ እንጂ አማች አይታየውም። እኔ ስንት ወንዝ ስቀዳ፣ ስንት ኮረብታ ስቆልል፣ ይህ አንድም ቀን አልመጣልኝም።

አባትሽ ፎቶውን አጣጥፈው ለጋሽ ጣሀ መለሱላቸውና «ልጄንና መሬቴን በአንድ ቀን አልሰጥም» አሉ።

 ሽሮውን አበሏቸው፣ ጠላውን አጠጧቸው፣ ለጋሽ ጣሀም ለብቻ ብርዝ አስቀረቡላቸው፤ በጨዋነት ምንም አልጎደለባቸውም። ሲሸኟቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ቀጠሩ፤ «እስከዚያ የልጁን ሥራ እናንተም እወቁት» ብለው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ይህን ነው። ላፕቶፔን ዘግቼ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስዞር ከረምኩ። የሆነ መሥሪያ ቤት፣ የሆነ ወንበር፣ ሽማግሌ ሲጠየቅ በአንድ ቃል የሚመልሰው ሥራ ፈለግሁ። ጋሽ ጣሀ ሁኔታዬን አይተው ምግብ አልበላ አላቸው። «አብሽር፤ ያበላሸሁት እኔ፣ የማቀናውም እኔ» አሉኝ።

ያቀኑበት መንገድ እንዲህ ነው። ሳይፈቀድልኝ እናንተ ቤት እግሬን ባነሣ ነውር ነው። አባትሽ ግን ካሮትና ጎመናቸውን ጭነው ወደ ደሴ ሰኞ ገበያ ይወርዳሉ፤ ሻይ ቤት ደግሞ የማንም ቤት አይደለም። ጋሽ ጣሀ ገበያ መሐል ሊያገኟቸው፣ ሻይ ሊጋብዟቸው፣ እኔም እዚያው ሻይ ቤት ላፕቶፔን ከፍቼ ልቀመጥ ተባባልን። ያን ጠዋት ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ።

አባትሽ ከበሩ ሲያዩኝ ወዲያው ገባቸው። «በአጋጣሚ ነው?» ብለው ጋሽ ጣሀን ጠየቁ። ጋሽ ጣሀም «በአላህ ፈቃድ» አሉ፤ ላለመዋሸት መሆኑ ነው። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። እጄን ጨብጠው ሳይለቁ መዳፌን አገላብጠው አዩት፤ ምን እንዳገኙበት አልነገሩኝም። ከዚያ ተቀመጡና «በል አሳየኝ፤ የማንን መሬት ነው የለካኸው?» አሉ።

ያንኑ መንደር ከፈትኩላቸው። በፎቶው ቆመው የነበሩት ሰዎች ሲንቀሳቀሱ አባትሽ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። ያ እንጨት የሚፈልጠው ሰውዬ አይደክመውም ወይ አሉኝ፤ አይደክመውም አልኩ። አንዱ ያርሳል፣ አጠገቡ ያለው ያጭዳል፣ ማዶ አደይ አበባ ፈክቷል፣ ለመሆኑ ወሩ ምንድን ነው አሉኝ። ለውበት ብዬ ነው አልኳቸው። «ለውበት ከሆነ በሬውን ለምን አከሳኸው?» አሉ። ከጌሙ ጋር የመጣ በሬ መሆኑን፣ ከእሱ ሌላ እንደሌለ ባስረዳቸው «ይቀይሩልህ» ብለው አለፉት።

ቀጥለው ጣታቸውን ወደ አንድ እርሻ ቀሰሩና አጥፋው አሉኝ። አጠፋሁት። «መልሰው» አሉኝ፤ መለስኩት። እንደገና አስጠፉኝ፣ እንደገና አስመለሱኝ። «ይህን ያህል ቀላል ነው?» አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ አዎ አልኳቸው። «እውነተኛውን አገር አይነካውም?» ሲሉኝ «ጋሽ ሞላ፣ እውነተኛውን የሚነካ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሐረጎን ጠመዝማዛ አቀናው ነበር፤ እኔን መኪና ላይ ያስመልሰኛል» አልኩ። ሳቁ። የፊት ጥርሳቸው እንዳንቺ ፍንጭት መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

ከሳቁ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። «የኔን ግቢ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ወጥመድ ነበር። ጋሽ ጣሀ እንኳ ሻያቸውን ማማሰል ተዉ። አላውቀውም አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም። «እንግዲያው እየነገርኩህ ሥራው» አሉ።

ባዶ ካርታ ከፈትኩ። ከቦሩ ሜዳ መንገድ አስጀመሩኝ፤ ባሕር ዛፉን፣ ቁልቁለቱን፣ ወንዙን፣ አባታቸው የካቡትን የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ያለችውን ምንጭ። እርሻቸውን ሦስት ጊዜ አሰፋሁት፤ አሁንም ጠበበ ይላሉ። ውሻችሁንም ፈልገው ነበር። ጌሙ ውስጥ ውሻ የለም፣ ተኩላ ነው ያለው ብላቸው «ተኩላ ደጄ አታስር» አሉኝ። የጎረቤታችሁ የአቶ አራጋው ቤት ጋ ስንደርስ «እሱን ዝለለው» አሉ። ትንሽ ሄድ ብለን «አስገባው ይሁን፤ ሰው ቢያየው ምን ይለኛል። ብቻ ከኔ ዝቅ ብሎ ይሁን» አሉ። ዝቅ አደረግሁት።

ከወንዙ ማዶ ግን ባዶ ቀረ። ዝም ብዬ ልለፈው ወይስ ልጠይቅ ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ፤ በመጨረሻ ማዶውን ምን ላድርገው አልኳቸው። 

«ገብስ» አሉ።

ከዳር እስከ ዳር ገብስ አደረግሁት፤ ለአጨዳ የደረሰውን፣ ቢጫውን። በሻይ የረጠበ ጣታቸውን አምጥተው እስክሪኑ ላይ፣ ገብሱ ላይ፣ አሳረፉት። ምልክቱ እስካሁን አለ፤ አልጠረግሁትም።

ስክሪንሾቱን ላነሣ ስል ቆይ አሉኝ። ከምንጩ በላይ፣ ወይራው ጋ፣ ሜዳ መሬት እንዳለ ነገሩኝና አንድ ቤት አስቀምጥበት አሉ። አንድ የሳር ጎጆ አስቀመጥኩ። «ቆርቆሮ አድርገው» አሉ። ጌሙ የድሮ ዘመን ነው፣ ቆርቆሮ የለውም አልኳቸው። «ታዲያ የተማረች ልጅ ሳር ቤት ትገባለች?» አሉና ሻያቸውን አንሥተው ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

ጋሽ ጣሀ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። ጌሙ ውስጥ ካሉት የባሕር ማዶ ሰዎች ቤት የድንጋይ ጣሪያ አምጥቼ ግራጫ ቀባሁት፤ ከላይ ሲታይ ቁርጥ ቆርቆሮ። አባትሽ ዘወር ብለው አዩትና «እሱ ነው» አሉ። እኔም የማን ቤት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። «መንገድስ የለውም እንዴ? ከዚህ ቤት ወደኔ ቤት መንገድ አውጣለት። እንዳይዞር፤ አጭር ይሁን» አሉኝ። አጭር አደረግሁት።

ሲነሡ ጆንያቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ያዙና ለጋሽ ጣሀ «ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ይምጡ። ልጁ እንዳይመጣ፤ እስካሁን አላየሁትም» አሉ። ለእኔ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ወጡ፤ አላዩኝማ።

የዚህን የግቢያችሁን ፎቶ በማተሚያ ቤት አሳትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አንዱን ጋሽ ጣሀ ለአባትሽ ያደርሳሉ፤ ፕላን የሚለውን ቃል እንዳያነሡ ቁርአን ይዘው ሊምሉልኝ ነበር። አንቺ ሳጥንሽ ውስጥ እንዳትደብቂው፤ ወይራውን ፈልጊ፣ ከአጠገቡ ግራጫውን ጣሪያ ታገኛለሽ። አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል። ቤቱን ማዞር ይቻላል፤ በሩን ወደ ጠዋት ፀሐይ ላድርገው ወይስ ወደ ምንጩ? እንዲህ ያለውን አባትሽን መጠየቅ አልችልም፤ አንቺ ጻፊልኝ። የዳግማይ ትንሣኤን ፈቃድም ከአሁኑ ብትጠይቂ ይሻላል፤ ጤና ጣቢያው ሰው ያንሰዋል ብለሽ እንዳታመካኚ።

የምታክሚያቸው ሁሉ በእጅሽ ይዳኑ። መንገድሽን ጊዮርጊስ ይጠብቅልሽ፤ ጋሽ ጣሀ ደግሞ አላህ ያቆይሽ ብለዋል፣ ዱዓቸው አይለይሽ። የአባትሽንም ዕድሜ ያርዝመው፣ ማዶውንም ገብስ ያድርገው።

ናፍቆቱ የማያስቀምጠው፣
የአባትሽ ጎረቤት