በአንተ በኩል የተንጠለጠለው

ለአጥር ማዶው ጎረቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? የልጅህ ቤት ደረጃ ያንን ጉልበትህን አላስቸገረውም? እኔ ደህና ነኝ። ኒው ኦርሊንስ እንደልማዷ ጥቅምት መግባቱን አልሰማችም፤ ሙቀቱ እስካሁን አልለቀቀንም።

«ቦታዬን ልሽጠው ወይ?» ብለህ ስለጠየቅከኝ ነው የምጽፈው። ግን መልሱን ቶሎ አትጠብቅ፤ ዛሬ ልቤ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ሜሊቶኑ፣ ያ አጥራችን ላይ የሚሳበው የዱባ ዘመድ፣ አፍርቷል። ጠዋት ከወንዙ የሚነሳው ጭጋግ መንገዱን ሲሞላው ሐረጉ አይታይም፤ አረንጓዴ ፍሬዎቹ ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፈው ይታያሉ። ቆሜ ሳያቸው ሻዩ ይቀዘቅዝብኛል። የአያትህ ዘር ነው። ከተማውን ከበተነው ጎርፍ በኋላ አፈሩ ጨው ጨው ሲል፣ እናቴ ድሮ ገጠር ላለችው ዘመዳችን የሰጠቻት ዘር ተርፎ አገኘሁና ከአጥራችን ሥር መልሼ ተከልኩት።

ይህ ሁሉ ሲሚንቶ ጓሮ በነበረ ጊዜ፣ አያትህ ባሚያና ጎመን በበቅሎ ጋሪ ጭነው እየዘፈኑ ሲሸጡ፣ ያቆሙት ደንብ ትዝ ይልሃል? ሐረጉን ማንም ይትከለው፣ ፍሬው በተንጠለጠለበት በኩል ያለው ሰው ነው የሚበላው። ከእናንተ በኩል ስቀጥፍ ከተያዝኩ እናቴ እጄን ትመታኝ ነበር።

ስለዚህ በአንተ በኩል ያለውን አልነካሁም። እኔ ከጎርፉ በኋላ ተመለስኩ፣ አንተ እዚያው ልጅህ ጋ ቀረህ፣ ፍሬህ ግን የአንተው ነው። የማዕዘኑ ቤት ሚስ ኦዲል ከበረንዳዋ ሆና ታየኛለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ለማን ነው የምትጠብቂው? ሰውዬው ሂዩስተን ቁጭ ብሎ ከሱቅ እየገዛ ይበላል!» አለችኝ። የእሱ ነው አልኳት። «እሱስ የማን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ተናድጄ ሰሞኑን ሰላም አላልኳትም።

ያልተቀጠፈው ፍሬ ወደቀ፤ የወደቀው እዚያው በቀለ። አሁን ጓሮህ ጫካ ሆኗል። ቤትህን ጎርፉ ሲወስደው የቀሩት የሲሚንቶ ደረጃዎች ላይ ሐረጉ ወጥቶ፣ በር ፊት የደረሰ እንግዳ መስሎ ቆሟል። ቦታህን ሊገዛ የመጣው ልጅ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «ደስ የሚል ጓሮ ነው፤ ባለቤቱ እዚህ ነው እንዴ?» አለኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ወጣ ብሎ ነው» አልኩት። ያን ያህል ዓመት፣ ወጣ ብሎ! ከሄደ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ነፋሱ አጥሩን ጣለው። አልሲድ አናጢው መዶሻውን ይዞ መጣ፤ ላቁመው ቢለኝ ተወው አልኩት። «እንዴ፣ እማማ! ድንበሩ ይጠፋባችኋል እኮ!» አለኝ። ይጥፋ አልኩት። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ልሽጠው ወይ ላልከኝ፣ ቦታህ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አሁን እኔም አላውቅም። መጥተህ አሳየኝ።

ትናንት ከመሃል አንዲት ፍሬ ቀጠፍኩ። በአንተ በኩል ትሁን በእኔ በኩል መለየት አቃተኝ። አንተ እንደምትወደው አድርጌ በሽሪምፕ ሞልቼ ጋገርኳትና ግማሿን በላሁ። ግማሿ ተሸፍና ተቀምጣለች።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ መንገድህንም ያቅናልህ።

አጥር የሌላት ጎረቤትህ