ባለቤቴን በሕይወት ላኖረልኝ የሦስት በአንድ ጥቅል

ለተከበሩ የፊልም ጥቅል ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ ኮምፒውተሮችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አቤቱታዬን ከማቅረቤ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ላስቀድም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽቻችኋለሁ። ውሉ በስሟ የተጻፈውን ባለቤቴን፣ ወይዘሮ እፀገነትን፣ ሠራተኞቻችሁ ደውለው በጠየቁኝ ቁጥር አንድ ጊዜ ዴር ሡልጣን ገዳም ልትሳለም ወጥታለች፣ አንድ ጊዜ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ሽንኩርት ልትገዛ ሄዳለች እያልሁ መለስኋቸው። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ፍትሐቷ ተደርጓል፤ አርባዋም ሙት ዓመቷም ወጥቷል። በሕይወት ያለችው በእናንተ መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ውለታችሁ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ለምን እንደዋሸሁ ለመናገር ያሳፍረኛል። ቴሌቪዥኑን ስከፍት ስሟ ይወጣል፤ ከስሟ ሥር አርባ አንደኛው ክፍል ላይ ያቆመችው የቱርክ ድራማ አለ። መሞቷን ብናገር ይህ ሁሉ እንደሚሰረዝ ስለገባኝ ዝም አልሁ። የነፍስ አባቴም ይህንን አያውቁም፤ ግልባጩን ስለምሰጣቸው ከእናንተ ጋር አብረው ያነቡታል።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

፩ኛ፤ ስለ ቁጠባው። ባለቤቴ ሦስቱን የፊልም አገልግሎቶች የምትከፍለው ለየብቻ ነበር፤ በወር በድምሩ መቶ አሥር ሸቀል። የዐቢይ ጾም ዋዜማ ሦስቱንም ታቋርጣለች፤ ፋሲካ ሲውል መልሳ ታስቀጥላለች። ስለዚህ በዓመት የምንከፍለው የአሥር ወር ብቻ ነበር፤ ካረፈችም በኋላ ይህን ልማዷን በስልኳ እየገባሁ ጠበቅሁላት። አምና ሐምሌ ላይ ግን ሊራን የሚባል ሠራተኛችሁ ደወለ። እኔን ሽማግሌውን አንተ ከማለቱ በቀር ጨዋ ልጅ ነው። ሦስቱ ሐቪላ በሚሉት አንድ ጥቅል ውስጥ ገብተው በዘጠና አምስት ሸቀል እንደሚሰጡኝ፣ በየወሩም አሥራ አምስት ሸቀል እንደማተርፍ ግማሹን በጎንደር አማርኛ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ አስረዳኝ። ባለቤትህ መስማማት አለባት ሲለኝ፣ ጠይቄያት እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውዬ እሺ ብላለች አልሁት። እንዲህ ያለች ታዛዥ ደንበኛ መቼም የለቻችሁም። ጥቅሉ ግን አሥራ ሁለቱንም ወር የሚከፈልበት ሆኖ ተገኘ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ደምሬ አየሁት፤ ሳልቆጥብ በዓመት አንድ ሺህ አንድ መቶ ሸቀል እከፍል የነበርሁት ሰውዬ፣ ቆጥቤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ደረስሁ። ይህን ጥበብ ለማንም እንዳትነግሩ።

፪ኛ፤ ስለ ጾሙ። ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ደውዬ እስከ ፋሲካ እንዲያቋርጥልኝ ሊራንን ለመንሁት። እንደ አይሁድ የኪፑር ጾም ያለ መስሎት፣ አባባ፣ አንድ ቀን አይደል እንዴ፣ ዝም ብለህ አትክፈተው፣ ቤሴደር? አለኝ፤ እሺ አይደል ማለቱ ነው። ኀምሳ አምስት ቀን ነው ስለው ርቦኝ መስሎት፣ አባባ፣ በልተሃል? አለኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ የሚቀበላቸውን የማቋረጫ ምክንያቶች አንድ በአንድ አነበበልኝ፦ ውጭ አገር መሄድ፣ ሚሉዊም ለሚሉት የተጠባባቂ ጦር ግዳጅ መጠራት፣ ሆስፒታል መተኛት፣ የውሉ ባለቤት መሞት። ከነዚህ አንዱ አለህ? ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ስለዚህ ነውሬ ልጁን ይቅርታ ጠይቁልኝ።

፫ኛ፤ ስለ ትጋታችሁ። በልደቷ ቀን እፀገነት ሆይ፣ ናፍቀሽናል ብላችሁ የምትጽፉላት እናንተ ብቻ ናችሁ። አምና በሰሙነ ሕማማት ደግሞ፣ ተመልሳ ስለ ጥብስ አሠራር የሚያስተምር ፊልም እንድታይ ጋበዛችኋት። በሕይወት ሳለች በዚያ ሳምንት ፀሐይ ሳትገባ ውኃ እንኳ አትቀምስም ነበር። አሁን ግን ጤናዋ ስለሚፈቅድ ግብዣው በወቅቱ የመጣ ነው።

፬ኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው፤ ለእናንተ የማቀርበው ሌላ የሚሰማ ክፍል ስላላገኘሁለት ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነፍሷን ይማር ብዬ፣ ከሰዓት በስልክ ሽንኩርት ልትገዛ ሄዳለች እላለሁ። ድራማውን አርባ አንደኛው ክፍል ላይ ያቆየሁት ለእርሷ ብዬ ይሁን ለራሴ፣ እስካሁን አላወቅሁም። እናንተ ለአሥራ ሁለት ወር ብታስሯት፣ እኔ ለሦስት ዓመት አስሬያታለሁ።

ለእኔ ያተረፋችሁልኝን ያህል እግዚአብሔር ለእርስዎም አንድ ሳያጎድል ያትርፍልዎ እያልሁ፣ በታላቅ ትሕትናና በማይቋረጥ ውል የርስዎ የሆንሁ፣

ብዙአየሁ ወርቅነህ
ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ኢየሩሳሌም

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ ለሊራን ደወልሁና ባለቤቴ ሞታለች አልሁት። ልጁ ከልቡ አዘነ፤ እግዚአብሔር ያጥናህ አባባ አለኝ። ቀጥሎ ግን ኮምፒውተሩ ያወጣለትን አነበበ፤ የትዳር ጓደኛ ለሞተበት ሰው፣ ጥቅሉን በስሙ ካዛወረ ሦስት ወር በግማሽ ዋጋ ይሰጠዋል። ይህን ቅናሽ ላሰበው ባለሥልጣን ረጅም ትዳር እመኛለሁ። የሞት ምስክር ወረቀቷን ፎቶ አንሥቼ ላክሁ፤ ውሉን ዝጋው አልሁት፤ እስኪዘጋውም ድረስ ስልኩን ይዤ ጠበቅሁ።