አንድ መቆንጠጫ ለሁለት መኪና

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? መድኃኒቱን ጨርሺው፤ እንደ ልማድሽ ግማሹን ለሌላ ቀን አታስቀምጪ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ፊቴን ፀሐይ አጥቁሮታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አላገኘኝም። ከስፌት ማሽን ሥር የማትነሳ ሴት ፀሐይ ከየት አገኛት ትይ ይሆናል። እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ክፍሉን ቀለም አስቀብተሽ፣ አልጋ አስገብተሽ፣ ጠቅልዬ እንድመጣና አብረን እንድንኖር እየጠበቅሽኝ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ይህን ሳታነሺ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ የለም። መልሱን ዛሬ ታገኛለሽ። አስቀድሜ ግን መኪና መግዛቴን ልንገርሽ።

አትደንግጪ፣ ክንድ የምታህል ናት። በሪሞት የምትነዳ።

መጋረጃ የምሰፋበት ክፍል መስኮቱ የሚያየው አንድ የተዘጋ መጋዘን ግቢ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ሰዎች እየመጡ ትንንሽ መኪና ይነዱበታል። ሽበታም ሁሉ! መጀመሪያ ሳቅሁባቸው። ቆይቼ ማሽኑን እያቆምኩ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን የደንበኛዬን መጋረጃ በተቃራኒው ሰፍቼ አገኘሁት። ከዚህስ አንዱን ገዝቼ ይውጣልኝ ብዬ ሱቅ ሄድኩ።

ባለሱቁ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለሃምሳ ሦስት ዓመት ልጅ አልኩት። አልሳቀም። «እንግዲያው ጠንካራ እንምረጥ፤ የሚያስቸግሩኝ በዚህ ዕድሜ ያሉት ናቸው» አለኝ። የእኔ ዓይን ያረፈው ከአንዲት ቀይ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ እንደ ጥይት የምትወነጨፍ መኪና ላይ ነበር። እሷን አልሸጥልዎትም ብሎ ድርቅ አለ። በእሷ የጀመረ ሁሉ በሳምንቱ ከግድግዳ አላትሞ ስብርባሪዋን በፌስታል ይዞ ይመጣል አለ። «ለጀማሪ ጎማዋ ትልቅ፣ ሩጫዋ ልክ ያለው፣ ብትገለበጥ የማትሰበር ትሁን። ከሁሉም በላይ መለዋወጫዋ የሚገኝ ይሁን።» አንቺ ስለ ባል አመራረጥ ከመከርሽኝ ብዙም አይለይም።

ምክሩን ወስጄ መኪናውን ሳልወስድ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ አንዱ ያገለገለች ሰማያዊ ፒክአፕ እንደሚሸጥ ሰምቼ ነበርና እሷን ገዛሁ። ስለ ባትሪው ጠየቅሁ፣ ስለ ጎማው ጠየቅሁ፣ ስለ ማርሹ ጠየቅሁ። ቻናሏን ብቻ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ለካ የአሁኖቹ ሪሞቶች የሚግባቡት ከየራሳቸው መኪና ጋር ብቻ ነው። እንደ እኔዋ ያሉት የድሮዎቹ ግን በቻናል ነው የሚሠሩት፤ ሁለት መኪና አንድ ቻናል ላይ ከዋለ አንዱን ሲያዙት ሌላውም ይታዘዛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሪሞቴን ከፍቼ ነዳሁ። የእኔዋ ተንደርድራ ሄደች። ግቢው ማዶ የድንጋይ ክምር ላይ ስትንፏቀቅ የነበረች አንዲት ቢጫ መኪናም ከክምሩ ዘልላ በጀርባዋ ወደቀች። ባለቤቷ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ኤሊ ይሉታል። እሱ ደግሞ የራሱን አድናለሁ ብሎ ሪሞቱን ሲጫን የእኔዋ ዞራ ሄዳ የዘበኛውን ወንበር ገጨች። ዘበኛው «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይሄን እግር ሰኞ እፈልገዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ኤሊ ሄድኩ። መኪናውን አቅፎ አቧራዋን እያራገፈ፣ «ይቅርታ አያስፈልግም። ዕድሜዋን እንዲህ ዘልላ አታውቅም፤ ደስ ሳይላት አልቀረም» አለኝ። እትዬ፣ እንደዚያ ድምፄን አውጥቼ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ!

ለዚህ ነገር ደንብ አላቸው። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ የልብስ መቆንጠጫ ተሰክቶበታል። የድሮ ሪሞት የያዘ ሰው የቻናሉን መቆንጠጫ ሳይወስድ ሪሞቱን አይከፍትም። የኤሊና የእኔ መቆንጠጫ አንድ ነው። ስለዚህ እኔ ስነዳ እሱ ያርፋል፣ እሱ ሲነዳ እኔ አርፋለሁ። ማረፉ ለስሙ ነው። መኪናዋ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ግራና ቀኙ ይምታታብኛል፤ ያን ጊዜ ከኋላዬ ቆሞ «ውስጧ የተቀመጡ መስሎ ይሰማዎት» ይለኛል። እኔም እሱ ሲነዳ «የተበላሸ ሊፍት እንኳ ከዚህ ይፈጥናል» እለዋለሁ። ባትሪዬ ሲደክም መቆንጠጫውን ከእጅጌዬ ነቅዬ እጅጌው ላይ አደርግለታለሁ። አሁን አሁን አንቱታው ቀርቷል።

የግቢው ሰዎች ይተርቡናል። ቻናል መለወጥ እኮ ጥፍር የምታህል የቻናል ቁራጭ ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው። ስንት ፎቅ የሚያወጣ ሊፍት ፈታትቶ የሚገጥም ሰው፣ ለምን አትለውጥም ሲሉት ቁራጯን ከገበያ አጣሁ ይላል። እኔ ሱቁ ሄጄ አይቻለሁ፤ መሳቢያ ሙሉ አለ። አላጋለጥኩትም። አንዷን ገዝቼ ቤት ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ፤ ግን የመጋረጃ ሥራ በዛብኝና አልሰካኋትም። ሥራ እንዴት እንደ በዛ አትጠይቂኝ።

እና እትዬ፣ ክፍሉን አከራዪው። ቀለሙ ሳይደበዝዝ ጥሩ ተከራይ ታገኚበታለሽ። አልመጣም ማለቴ አይደለም፤ ለመኖር አልመጣም ማለቴ ነው። እንዳትቀየሚኝ። ከእናታችን ቀጥሎ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፤ እምቢ ያልኩሽም ዛሬ ገና ነው።

ይልቅ አንቺ ነይ። ሲመችሽ፣ ብቻ ቅዳሜን ይዘሽ ነይ። አራተኛ ፎቅ መሆኔ አያሳስብሽ። ለዓመታት ተገትሮ የኖረው የሕንጻችን ሊፍት ባለፈው እሑድ ሠርቷል። አስተዳዳሪው ማን እንዳሠራው ግራ ገብቶት በር እያንኳኳ ይጠይቃል። እኔንም ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት።

ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ፤ ሳቅ ከቤትሽ አይጥፋ።

ታናሽ እህትሽ