ከጥሩንባው በኋላ የመጣው «እኔ»

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ማታ 1፡00
ለመመረቂያ ጥናቴ ቆጠራ ላይ ነኝ። ኮምፒውተሩ አይረባም፤ ለብቻው የቆመውን «እኔ» ብቻ ነው የሚያየው። «ሄድኩ» ላይ የተለጠፈውን ያልፈዋል። ስለዚህ በእጅ። «እኔ» ያለው ሁሉ በቀይ፣ «እኛ» ያለው በሰማያዊ። ዓይኔ ጠፋ።

እስካሁን ግልጽ ነው፣ ማስታወሻዬ። ቃለ መጠይቅ ያደረግኩላቸው ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ የአቃቂ ባልና ሚስቶች ናቸው። ባሎቹ ቀይ በቀይ። ሚስቶቹ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁም በ«እኛ» ይመልሳሉ። ዶ/ር (አማካሪዬ) ደስ ብሏቸዋል፤ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ አሉኝ። እማዬ ለብሎካችን ሰው ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። «እንመረቃለን» ነው የምትለው። ጥናቱን ከራሷ ብጀምር ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ከሰዓት
የእትዬ ዘነቡን ድምፅ ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል የሠሩ ሴትዮ። ባለቤታቸው ጋሽ መኮንን አጠገባቸው ተቀምጠዋል። እንዴት አይቀመጡ? እንግዳ መጥቶ አባወራው ተነስቶ ይሄዳል? ነውር ነው። የሄድኩበት ቤት ሁሉ እንዲሁ ነበር። ዳቦዬን በልቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

እትዬ፦ ተቀጠርን፣ ሠራን፣ ወለድን፣ አሳደግን። ሰማያዊ። መሃል ላይ የእድር ጥሩንባ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቷል። ጋሼ ድንኳን ተከላ ሄዱ፤ መቅረት ያስቀጣል። መቅጃውን አላጠፋሁትም።

በሩ ተዘጋ። ከዚያ፦ «እኔ እኮ የማሽን ጥገና ልማር ተመርጬ ነበር። ፈተናውንም አልፌ። እሱ ነው እምቢ ያለው።» ቀይ። ቀይ። ገጹ ሙሉ ቀይ። ጉድ! ያን ቀን እንደ ጨዋታ ነበር የሰማሁት፤ ጥያቄው ያለቀ መስሎኝ።

በሩ ይከፈታል። ጋሼ ተመለሱ። እትዬ፦ ተመስገን፣ ደህና ኖርን። ሰማያዊ።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8
ዩኒ. ሄጄ መጣሁ። ዶ/ር፦ ከጥሩንባው በኋላ ያለው ከቃለ መጠይቁ ውጭ ነው፣ ቁረጪው። እኔ የቆጠርኩት የሴቶቹን አነጋገር ሳይሆን የባሎቹን መቀመጥ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ልክ ነሽ አሉ። ግን ሴቶቹን ሁሉ ለብቻቸው እንደ አዲስ እቀዳለሁ ካልሽ ዘንድሮ ምረቃ የለም፤ ምርጫው ያንቺ ነው።

ሳሪስ ላይ የታክሲ ሰልፍ። ፀሐይ። ተናድጄ ገባሁ። የተናደድኩት በራሴ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 11
ቀኑን ሙሉ ሰበብ ፍለጋ። በግርጌ ማስታወሻ ባልፈውስ? ማን ያነበዋል? ከዚያ ያን ቀይ ገጽ አያለሁ። ሴትዮዋ አንዴ እምቢ ተብለዋል። እኔም ልድገማቸው? አልችልም።

ለእማዬ ነገርኳት። ዘንድሮ አልመረቅም። ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች። ለሰው ምን እንላለን አለች። ቆይታ ደግሞ፦ በይ ሴቶቹን እዚህ ጥሪያቸው፣ እኛ ቤት ማን ይሰማቸዋል? አቅፌ ሳምኳት። ትንሽ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 17። ከሰዓት 8፡00
መጀመሪያ እሺ ያሉት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ያ ቀይ ገጽ ጥናቱ ውስጥ እንዲገባ ፈቃድ ስጠይቃቸው ይግባ አሉ፤ ሌላም አለኝ አሉ። ብቻዎን ይምጡ ብዬ ነበር። ከመስኮት አያለሁ። ከአውቶቡስ ወረዱ። ከኋላቸው ጋሽ መኮንን። ወይ ጉዴ!

8፡20
ገቡ። ጋሼ፦ እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ትጠፋብኛለች ብዬ ነው። እማዬ ሁለት ወንበር አቀረበች፤ ምን ታድርግ? እቤቴ የመጣን ሽማግሌ ውጡ ልበል?

እትዬ አልተቀመጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ባላቸው ዞሩ። «መኮንን፣ አንተ ታች ሱቁ ጋ ጠብቀኝ። የተጠራሁት እኔ ነኝ።»

ጋሼ እኔን አዩ። እማዬን አዩ። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ከዘራቸው ደረጃው ላይ ይሰማል።

እማዬ ውሃ እየቀዳችላቸው ነው፤ ይህን ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ። ሁለተኛውን ወንበር መልሳ ወሰደችው። እትዬ ጀምሪ እንጂ እያሉኝ ነው። መቅጃውን ልክፈት።