«አስቀምጡ» የሚለው ድምፅሽ

ውድ እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ አንድ ነገር አድርጌ ነው። ግማሹ ደስ ይልሻል፣ ግማሹ ያስቆጣሻል። ቁጣሽም ስለናፈቀኝ ግድ የለኝም።

ቢሮው አዲስ የንድፍ ሶፍትዌር ገዝቷል። ሕንፃውን፣ ቧንቧውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ሁሉም በአንድ ንድፍ ላይ የሚሠሩበት ነው። በየክፍሉ እየዞርኩ የምጭነውና የማስተምረው እኔ ነኝ። አዎ፣ ያቺ ማውስ ስትጨብጥ እጇን የሚያልባት ልጅ።

ሳስተምር አፌ ላይ የምትመጪው አንቺ ነሽ። የንድፍ ጠረጴዛዎቹ ወጥተው ኮምፒውተር ሲገባ፣ አንቺ ሁላችንንም ያስተማርሽበትን ጊዜ አስታወስሽ? ትልቁ መሐንዲስ፣ እርሳሳቸው ከጆሮአቸው ላይ ሳይወርድ፣ «ድልድዬ ጠፋ» ብለው ቢሮውን ያተራመሱት ቀን! ንድፉን አሳንሰው አሳንሰው ድልድዩ የሰናፍጭ ቅንጣት አክሎ ነበር። ጎንበስ ብለሽ አቀረብሽላቸውና «ድልድዩስ አለ፤ የራቁት እርስዎ ነዎት» አልሻቸው። ከዚያ ወዲያ ከስብሰባ የቀረ ሰው ሁሉ በዚህች ቃል ይተረብ ነበር።

መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይሄድ ነበር። ስንቱ ጎልማሳ ጨለማ ስክሪን ላይ አፍጥጦ እንባው መጣ። «አስቀምጡ፣ አስቀምጡ» እያልሽ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትዞሪ ስላሳዘንሽኝ ድምፅሽን ቀርጬ በየኮምፒውተሩ ጫንኩት። በየግማሽ ሰዓቱ «ልጆች፣ ሳይቃጠል በቅጠል፤ አስቀምጡ!» ትያለሽ። አዲስ የተቀጠረ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ሲሰነብት ሳያስበው ይታዘዛል።

ከዚያ ጉሮሮሽን ታመምሽ። ቀዶ ጥገናው አንቺን አትርፎ ድምፅሽን ወሰደ። ልትሰናበቺን መጥተሽ ዕቃሽን ስትሰበስቢ፣ ሰዓቱ ደረሰና ድምፅሽ ከሁሉም ጠረጴዛ አንድ ላይ ተጣራ። ሁሉም ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። አንቺ በያዝሻት ትንሽ ሰሌዳ ላይ «አጥፊው» ብለሽ ጽፈሽ አሳየሽኝ። እሺ አልኩሽ። ዛሬ ነገ ስል ይኸው ዓመታት አለፉ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አሁን ግን ሰበብ አለቀብኝ። አዲሱ ሶፍትዌር ሥራውን ራሱ ያስቀምጣል፣ አስታዋሽ አይፈልግም። ሥራ አስኪያጁም አሮጌው ነገር በሙሉ እስከ ዓርብ ይጽዳ አሉ።

ባለፈው እሑድ የመጣሁት ይህንኑ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ወደ ጓዳ ስትገቢ የልጅ ልጅሽ ጠጋ አለችኝና «አያቴ ድሮ ታወራ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

እንዴታ፣ አልኳት።

«እንዴት አድርጋ ነበር የምታወራው?»

ልነግራት ሞከርኩ። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው አልኩ፤ ሲቆጣም ውስጡ ሳቅ አለበት አልኩ። አልገባትም። እኔም ብሆን አይገባኝም ነበር። አንቺ ስትመለሺ የመጣሁበትን ጉዳይ ትቼ ስለ አየሩ አወራሁ።

ትናንት አጠፋሁት። የመጨረሻው ኮምፒውተር ላይ ስደርስ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ጊዜ ሰማንሽ፤ ከዚያ አለቀ። ዛሬ ሳስተምር፣ አንቺ ትጣሪበት በነበረው ሰዓት፣ ማንም ሳይነግራቸው የሠራተኞቹ ጣት «አስቀምጥ» የምትለዋን ቁልፍ ሲጫን አየሁ። አያስፈልግም ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

እንግዲህ ትእዛዝሽ ተፈጽሟል፤ ደስ የሚልሽ ይሄ ነው። የሚያስቆጣሽ ደግሞ፣ አንድ ቅጂ ስልኬ ውስጥ አለ። ለእኔ አይደለም ብዬ አልዋሽሽም፤ ከሁሉ በላይ ግን ለዚያች ልጅ ነው። ሳትፈቅጂ አላሰማትም። እሑድ እመጣለሁ። ሰሌዳሽ ላይ «አጥፊው» ብለሽ ብትጽፊ እዚያው ፊትሽ አጠፋዋለሁ። ብቻ ከመጻፍሽ በፊት የልጅቷን ፊት አንዴ እዪልኝ። ድምፅሽስ አለ፣ እታለም፤ የራቅሽው አንቺ ነሽ።

እስከ እሑድ ድረስ፣ እንዳስተማርሽኝ፣ አስቀምጬዋለሁ።

እጇን የሚያልባት ተማሪሽ