እናትህን ለመልስ ያደረሰች ተጎታች

ውድ ክርስቲያን፣

ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? ይህን ደብዳቤ ቡሳን ስትደርሱ እንዲሰጡህ ሎንግ ቢች ላለው የመርከባችሁ ወኪል ሰጥቼዋለሁ። በስልክ ልንገርህ ብል መስመሩ እየተቆራረጠ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል ያልቃል። ደግሞ ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ሲሰበር ሰማሁ። አይዞህ እንኳ ሳልልህ መስመሩ ሄደ። እንግዲህ አሁን ልበልህ፤ አይዞህ። ማዕበሉ መርከባችሁን አዘግይቶብህ እንጂ ወደህ ከሠርጓ እንዳልቀረህ ልጃችን ዳጊ ታውቃለች። አልተቀየመችህም።

የቤተ ክርስቲያኑን ፎቶ ዳጊ ልካልሃለች አሉ። እኔ የምጽፍልህ ፎቶ ስላልተነሳው ነገር ነው፤ ስለ መልሱ፣ እናትህም እዚያ እንዴት እንደደረሱ።

ልጅህ መልሷን የት እንዳደረገችው ገምት። በረሃ! ከፓልም ስፕሪንግስ ወዲያ፣ መብራት የለ፣ ቧንቧ የለ፣ ቋጥኝና ቁልቋል ብቻ ያለበት የካምፕ ቦታ። እሷና ሙሽራው ኖላዊ የተዋወቁት እዚያ ለስፖርት በገመድ ገደል ሲንጠላጠሉ ነው። «ማሚ፣ ሠርጉ የእናንተ ይሁን። መልሱ ግን የእኛ ነው፣ ኦኬ?» አለችኝ። ምን እላለሁ? ኦኬ አልኳት።

ጭንቁ የእናትህ ነገር ነበር። ሳንባቸው አንተ ከሄድክ ወዲህ ደክሟል፤ ኦክስጅኑን አሁን ቀንም ሌሊትም ነው የሚጠቀሙት። በትከሻ የምትንጠለጠለው ትንሿ ማሽን ለመንገድ ትሆናለች እንጂ አታሳድርም። ትልቁ ማሽን ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። «እትዬ፣ በቪዲዮ እናሳይዎታለን» ስላቸው ከሶፋው ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

«ትርሲት፣ ያቺን ልጅ በዚህ ጉልበቴ ላይ ነው ያሳደግኋት። ሳልመርቃት ቪዲዮ ልይልሽ?»

«ሐኪሙ እሺ ካለ...»

«ሐኪሙን አንቺ ጠይቂው። እኔ ቀሚሴን ላስተኩስ።»

ሐኪሙ ጠበቅ አድርጎ ነገረኝ። ቦታው ከፍታ ካልሆነ ይሂዱ፣ ማሽኑ ግን እንዳይቋረጥ አለ። ደህና ሆቴል ያለው ከካምፑ ሩቅ ነው። ቢቀርብም እናትህ «ሙሽራዬን ሜዳ ላይ ጥዬ እኔ ሆቴል?» ብለዋል። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ፒኮ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳስብ ነው ተጎታች ቤታችን ትዝ ያለችኝ። አንድ ላይ ሳለን ገዝተናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሄደንባት፣ ስንፋታ አንተም እኔም ሳንጠይቃት ወዳጃችን ጋሼ አሥራት ግቢ የቀረችው።

ጋሼ አሥራት ሎንግ ቢች ያለውን የግቢያቸውን በር ከፍተው ሲያስገቡኝ ሣሩ ጎማዋን ውጦት ነበር። ውስጧ ድመት ወልዳለች። መብራቷን ብናበራ እንደሚያልቅ ጧፍ ቀላ ብሎ ድርግም አለ። በሳቸው ፒክአፕ ስበን ሰፈሩን አንድ ዙር ብንዞራት ደግሞ እየዘለለች ቁም ሳጥኖቹ በሙሉ ተከፈቱ፤ ድስቱም ሳህኑም ወለል ላይ ፈሰሰ። ጋሼ አሥራት ወርደው ከሥሯ ገቡና የጫማቸው ጫፍ ብቻ እየታየኝ ተናገሩ።

«ሰውነቷን የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰንጥቋል። ይቺን ይዘሽ ነፋስ ያለበት መንገድ ብትወጪ ሰውነቷ ጎማው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ እግዜር ይወቀው።»

ተስፋ ቆርጬ ነበር ማለት እችላለሁ። በሳምንቱ ግን ፌርፋክስ ያለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ልገዛ ተሰልፌ፣ ከፊቴ የቆመች ሻሽ ያደረገች ሴት በስልክ ስትቆጣ ሰማኋት። «ባትሪውን ሊትየም ካደረግከው ቻርጀሩንም መቀየር አለብህ! አሮጌው አይሆነውም አልኩህ እኮ!» ትላለች። ስልኩን እስክትዘጋ መጠበቅ አቃተኝ።

«ይቅርታ እህቴ፣ የኦክስጅን ማሽን የሚችል ባትሪ ይኖራል?»

«ማነው የታመመው?» አለችኝ ዞር ብላ።

እዚያው ወደድኳት። ዙሌይካ ትባላለች፣ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ቶራንስ ውስጥ ተጎታች ቤቶች የሚጠገኑበት ጋራዥ ትሠራለች። ዕረፍቷ እሑድ ስለሆነ እሑድ እሑድ እኛ ጋ መምጣት ጀመረች።

መጀመሪያ የባትሪውን ሳጥን ስትከፍት አፍንጫዋን ያዘች። ሁለቱም ባትሪዎች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ራሳቸው ላይ ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ ነገር አብቅለዋል።

«እነዚህ እኮ ውሃ ይጨመርላቸዋል። ማን ነበር የሚጨምርላቸው?»

«ባለቤታቸው መርከብ ላይ ነው» አልኳት።

«ውሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ ነፈጋቸው!»

እናትህ በሳቅ ፈረሱ። ሥራውን ለማየት ብለው እሑድ እሑድ እሳቸውም ይመጡ ነበር፤ ጥላ ሥር ወንበር ተደርጎላቸው፣ ትንሿን ማሽን ታቅፈው፣ «ብሎኑ ጠበቀ? እስቲ ድገሚው» ይላሉ።

ዙሌይካ እንዳስረዳችኝ አሮጌዎቹ ባትሪዎች ደህና በነበሩ ጊዜም ካላቸው ግማሹን ብቻ ነው ሳይጎዱ የሚሰጡት። ሊትየሙ ግን የያዘውን ሁሉ ለማለት ይቻላል ይሰጣል፤ ውሃም አይጠይቅም። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ሊትየም ከአልጋው ሥር አስገባን። ቻርጀሩን ቀየርን፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር ዘረጋን፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠውን ኢንቨርተር ግድግዳው ላይ አሠርን። ጋሼ አሥራት አዲሱን ባትሪ ሲያነሱት እጃቸው በቀላሉ ከፍ አለና ደነገጡ።

«ይቺ ናት? ባዶ ቆርቆሮ ሸጠውልሻል!»

«ጋሼ፣ ሊትየም ቀላል ነው» አለች ዙሌይካ።

«ባትሪ ካልከበደ ምኑን ባትሪ ሆነ?»

ወደ እግሯ ስንመጣ ክርክሩ ባሰ። እሳቸው «ክሪክ አምጪ» ሲሉ እሷ «ጃክ ነው?» ትላለች። እሷ «ዝላይዋን የሚያበርድ ሾክ የላትም፣ እንግጠምላት» ስትል እሳቸው «አሞርዛተር በይው እንጂ» ይላሉ። እኔ መሀል ሆኜ ለሁለቱም አስተረጉማለሁ። የተሰነጠቀው በስተቀኝ ያለው አንዱ ባሌስትራ ነበር፤ ሁለቱ ግን ሁሉንም ካልቀየርን ታነክሳለች በሚለው ላይ ተስማሙ። በዚህ ብቻ! ከባሌስትራው ጫፍ ያሉት የጎማ ቡሾች በእጄ ሳወጣቸው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈሩ። አዎ፣ በእጄ ነው የምልህ። መጀመሪያ የእጅ ባትሪ እያበራሁላቸው ነበር፤ ሰለቸኝና ከሥር ገባሁ። ግራሶው እስከ ክርኔ ደረሰ። ሰኞ የማስታምማቸው አሜሪካዊት አሮጊት ጥፍሬን አይተው ሌላ ሥራ ጀመርሽ ወይ አሉኝ።

ስናበቃ ትልቁን ማሽን ሰካንና እናትህን ውስጥ አስተኝተን ቀኑን ሙሉ ሞከርነው። ሲመሽ ባትሪው ገና ከግማሽ በላይ ነበረው። ጋሼ አሥራት ቁጥሩን ደግመው አዩና «ቆርቆሮዋ ደህና ናት» አሉ።

አሁን ስለ መንዳቱ። ጋሼ አሥራት ዓይናቸው ከድሮው ስለደከመ የነዳሁት እኔ ነኝ። ሥራ በሌለኝ ቀን ባዶ ፓርኪንግ ፈልገን ስንለማመድ፣ ወደ ኋላ ስሄድ መሪውን ወደ ግራ ባዞር ተጎታቿ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። «ግራ ስልሽ ቀኝ አድርጊ!» እያሉ ይጮሃሉ። እኔም እጮሃለሁ። መጨረሻ ላይ እሳቸው ዝም ሲሉ ቀጥ ብላ ገባች።

የመልሱ ዕለት ጠዋት ወጣን። እናትህ ፒክአፑ ውስጥ ከኋላዬ፣ በሚሄድ ተጎታች ውስጥ ሰው መቀመጥ ክልክል ስለሆነ። ትንሽ እንደሄድን ዙሌይካ እንዳዘዘችኝ ፓርክ አድርጌ የጎማውን ብሎኖች እንደገና አጠበቅሁ። ከዚያ የንፋስ ወፍጮዎቹ ጋ ደረስን። ታውቀዋለህ ያን ቦታ፤ ተራሮቹ መሀል ነፋሱ ይታፈንና በጎን ይመታል። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈን መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ በመስታወት ተጎታቿን አየኋት። ትንሽ ዘንበል አለች፣ ተመለሰች፣ ተከተለችኝ። አዲሱ ባሌስትራ ያዛት። መሪውን ጨብጬ ይዤዋለሁ፤ ግን ክርስቲያን፣ ፈገግ ብዬ ነበር። ባልና ሚስት ሳለን ባሕሩ ምን ይሰጥሃል እያልኩ እቀናበት ነበር። ያን ቀን ከባድ ነገር ይዤ ነፋስ መሀል ሳልፍ ጥቂት ገባኝ። ይህን ሳልነግርህ መቅረት አልፈለግሁም። ከሱ በላይ ትርጉም እንዳትሰጠው ደግሞ። እንዲህ ሆነን ደህና ነን።

ስንደርስ ዳጊ የሙሽራ ካባዋን እንደለበሰች በስኒከር ሮጣ መጣች። አያቷ ከመኪና ሲወርዱ አቅፋቸው አለቀሰች፣ ሳቀች። ትልቁን ማሽን ሰካሁ፣ ረጅሙን ቱቦ በመስኮት አሳለፍኩ። እናትህ ከፀሐዩ ገባ ብለው አልጋው ላይ ጋደም አሉ። ውጭ ምግቡ ቀረበ፣ ሙዚቃው ደራ፣ እኔም እስክስታ ገባሁ።

ድንገት ሙዚቃው ቆመ። ሰው ሁሉ «ኧረ!» አለ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ድምፅ ነው፤ ከተጎታቿ ውስጥ ትልቁ ማሽን መብራት ሲቋረጥበት የሚያሰማው ጩኸት። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ለካ ኪቦርድ የሚጫወተው ዮአብ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲጨርስበት እነዚያን ትልልቅ ስፒከሮች ከተጎታቿ ውጭ ባለው ሶኬት ላይ ሰክቷቸዋል፤ ጭነቱ ሲበዛ ኢንቨርተሩ ራሱን አጠፋ።

እናትህ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሆኖ አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ነጣ ብሏል። ትንሿን ማሽን አብርቼ ቱቦዋን አፍንጫቸው ላይ አደረግሁ። «በዝግታ፣ እትዬ፣ በዝግታ ይሳቡ» አልኳቸው፤ የራሴ ትንፋሽ ግን አልመለስ ብሏል። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ዮአብ! ንቀለው! ሁሉንም ንቀለው!» ብዬ ጮህኩ። ነቀለው። ዙሌይካ እንዳሳየችኝ ኢንቨርተሩን አጥፍቼ ትንሽ ጠብቄ መልሼ አበራሁት። አረንጓዴው መብራት መጣ። ትልቁ ማሽን አጓራና መሥራት ጀመረ። እናትህ ቀለማቸው እስኪመለስ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ቃላቸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

«ሙዚቃው ምን ሆነ?»

ዮአብ የነቀለውን ገመድ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሶኬቱ ለውጭ መብራት መስሎኝ ነው እንጂ ከርስዎ ማሽን ጋር መያያዙን አላወቅሁም።»

«ልጄ፣ እጅ የለህም እንዴ? አጨብጭብ!»

ከዚያ በኋላ ያለ ስፒከር ሆነ። አንዱ ከበሮ ከመኪናው አወጣ፣ ሌላው ዘፈን አወረደ፣ ሁሉም ተቀበለ። እውነቴን ነው፣ ከቅድሙ ይልቅ ያኛው ደመቀ።

የምርቃቱ ጊዜ ሲደርስ እናትህን የተጎታቿ በር ላይ አስቀመጥናቸው። ከጎናቸው የሙሽሪት አባት ወንበር ባዶውን ነበር። እሳቸው አዩትና ጋሼ አሥራትን ጠሩ። «አሥራት፣ ና ተቀመጥ። ወንበሩን አሙቅለት፤ እንዳትወርሰው ግን።» ጋሼ አሥራት ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጡ። ዳጊና ኖላዊ ተንበረከኩ። እናትህ በሁለቱ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ በየመሀሉ ትንፋሽ እየሳቡ መረቁ።

«ውለዱ፣ ክበዱ። ... መንገዳችሁ ቢጎረብጥም ወገባችሁ ይቻለው። ... የቤታችሁ ባሌስትራ አይሰንጠቅ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ፣ ግማሹ እያለቀሰ ግማሹ እየሳቀ። ጋሼ አሥራት ሦስት ጊዜ ነው አሜን ያሉት። «ባሕር ላይ ያለውንም አባቷን በሰላም ያግባልን» አሉ ቀጥለው። ዳጊ ያኔ ነው አንገቷን አቀርቅራ እጄን የጨበጠችው።

ጠዋት ስነሳ አልጋቸው ባዶ ነው። ደንግጬ ቱቦውን ተከትዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ፀሐይዋ ቋጥኙን ስታቀላው ያያሉ። ማሽኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል። ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ለክርስቲያን ትጽፊለታለሽ አይደል?»

«እጽፍለታለሁ፣ እትዬ። ምን ልበልልዎት?»

ዳጊና ኖላዊ ከድንኳናቸው ወጥተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደኛ ሲመጡ አዩ።

«እናትህ መተንፈሷን ሳታስብ ዋለች በዪው» አሉኝ።

ባሕሩ ይራራልህ፤ በሰላም ግባ።

የዳጊ እናት፣
ትርሲት