ቀለም ያልነካው ቦታ

ታዴዬ፣ ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሊሆንህ ነው። እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ? እኔ አለሁ። እዚህ ዓረብ አገር ጅሊብ ሰፈር ያለችውን ክፍላችንን ብቻዬን አልቻልኳትም፤ ፀጉር ቤት አብራኝ ከምትሠራው ከአልማዝ ጋር ገብቻለሁ። ልብስህን ሰጠሁ፣ ትራስህን ግን አልሰጠሁም።

አስከሬንህን ሲልኩት አብሬህ መሄድ አልቻልኩም። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ እድሳት ላይ ስለነበር ከወጣሽ መመለስ የለም አሉኝ። ቀብርህንም አርባህንም ደሴ ያሉ እህቶችህ በስልክ አሳዩኝ። ምስሉ እየቆመ ሲያስቸግረኝ ስልኩን በእጄ እመታው ነበር፣ ሌላ ምን አቅም ነበረኝ?

አርብ አርብ አሁንም አሕመዲ ከተማ፣ አሠሪህ የነበረው ባባ ቤት ለጽዳት እሄዳለሁ። ባባ አሮጌ የጦር መኪና እየገዛ ማደሱን አልተወም። ትዝ ይልሃል፣ በሹፌርነት ተቀጥረህ ካርቶን ስትቆርጥ ትውላለህ እያልኩ ስስቅብህ? የመኪናውን የሠራዊት ቁጥር ካርቶኑ ላይ በምላጭ ትቆርጠዋለህ፣ መኪናው በር ላይ ትለጥፈዋለህ፣ ጥጉን እንድይዝልህ ትጠራኛለህ፣ ከዚያ ነጩን ቀለም ትነፋበታለህ። ስምንት ቁጥር ላይ መሃሉ እንዳይወድቅ ቀጫጭን ማያያዣ ትተውለት ነበር። ካርቶኑ ሲነሳ ማያያዣው የሸፈነው ቦታ ሳይቀባ ይቀራል። አንድ ቀን የረሳኸው መስሎኝ በብሩሽ ልሞላልህ ስል እጄን ለቀም አደረግከኝ። ወታደር ይህን የሚሞላበት ጊዜ የለውም፣ ከሞላሽው የሱቅ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው አልከኝ። ስትቆጣ እንዴት ታምር ነበር!

የሠራሃቸው ሁሉ ተሸጠው ወጥተዋል። የቀረችው የመጨረሻዋ ጂፕ ናት፤ የግራ በሯን ጨርሰህ፣ ቀኙ ባዶ እንዳለ ነው የሄድከው። መቃብርህ ሩቅ ስለሆነብኝ እዚያ በር ፊት እቆም ነበር። እዚህ አገር የቀረኝ የእጅህ ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

ባለፈው አርብ ባባ ደስ ብሎት ጠራኝ። ሌላ ቀለም ቀቢ አምጥቶ ቀኙን አስጨርሶታል። ሰውየው ክፍተቶቹን በብሩሽ ሞልቷቸዋል፤ ሁለቱ በሮች እንዲመሳሰሉ ብሎ ደግሞ የአንተንም ሞላቸው። ባባ እንደምታውቀው የሚወደው ሞተሩን ነው፣ የቁጥሩን ነገር ለአንተ ትቶት ነበር። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ለታደሰ መታሰቢያ አሳመርንለት ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ዘይን?» አለኝ፣ ጥሩ ነው ወይ ሲል።

መወልወያዬን እንደያዝኩ «ዘይን፣ ባባ» አልኩት።

ምን ልበለው ታዴዬ? መኪናው የእኔ አይደለም። ቀለሙም ደርቋል፣ ይፈቅፈቅ ቢባል የአንተም አብሮ ይነሳል። እንዲያ እንባ ላቀረረ ሰው አበላሸህብኝ ብዬ እንዴት ልናገር? ወለሉን መወልወል ጀመርኩ።

ባባ ወደ ቤት ገባ ሲል ጠጋ ብዬ የአንተን በር ዳሰስኩት። በዓይን ምንም አይለይም፤ በጣት ግን ብሩሽ የሄደበት ቦታ ትንሽ ወፈር ይላል። ገዢ እስኪመጣላት ድረስ በየአርቡ አቧራዋን የማራግፍላት እኔ ነኝ። ከወሰዷትም በኋላ አልረሳህም። የቀባኸውን ማንም ያየዋል፤ ሳትቀባ የተውከው የት የት እንደነበር የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።